ተማሪውን የሚጠብቅ መነጽር



ፕላዝማን የምታስታውሱ እስቲ እጃችሁን አውጡ። አያችሁ፤ ዕድሜው ሠላሳን የተሻገረ ሁሉ ማለት ይቻላል እጁን አወጣ። ወጣቶቹ ወላጆቻችሁን ጠይቁ።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ክፍሎቻችን ውስጥ ሰፋፊ ቴሌቪዥኖች ተተከሉ። ሒሳቡ፣ ፊዚክሱ፣ ኬሚስትሪው፣ ባዮሎጂው ከሳተላይት እየወረደ ለመላው አገር በአንድ ሰዓትና በአንድ ድምፅ ይሰጥ ጀመር። ትምህርቱ የተቀረጸው ደቡብ አፍሪካ ነበር። የቴሌቪዥኑ አስተማሪ በእንግሊዝኛ ይናገራል። ክፍል ውስጥ ያለው መምህር መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ በመካከሉ እጁን አጣምሮ ከተማሪዎቹ ጋር ይመለከታል። ይህን ያቀዱ ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። ቤተ ሙከራ በሌለበት፣ ለስማዳም ሆነ ለእስቴ ወረዳ ልጅ፣ የልብ በሮች ሲከፈቱና ሲዘጉ ማሳየት፣ ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ ቀለሙ ሲለወጥ ማሳየት ቀላል ነገር አይደለም። ሥዕሎቹም መልካም ነበሩ።

ነገር ግን ፕላዝማ አይጠብቅም ነበር። ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይሰጣል፤ ክፍሉ ገና ጥያቄውን በልቡ ወደ አማርኛ ሲመልስ እሱ «ጎበዞች» ብሎ ያልፋል። ማንን እንዳመሰገነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። መብራት ከጠፋ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ጠፋ፤ በማግሥቱ ሳተላይቱ የሚያወርደው ቀጣዩን ምዕራፍ ነው። «አልገባኝም» ለማለት የፈለገ ልጅ ለማን ይበል? መምህሩም ቢሆን በገዛ ክፍሉ ውስጥ እንግዳ ሆኖ ነበር።

ይህን ያነሣሁት ያለፈን ነገር ለመውቀስ አይደለም። ዛሬ ስለ ቨርቹዋል ሪያሊቲ፣ ማለትም ስለ ምናባዊ እውነታ ልነግራችሁ ነው የመጣሁት፤ ከፕላዝማው እጅግ የበለጠ የሚያስደንቅ፣ እንደ መነጽር ዓይን ላይ የሚደረግ መሣሪያ ነው። የሚያስደንቅ መሣሪያ ሲመጣ ደግሞ ሁላችንም ሥዕሉን ነው የምናየው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ይህ ነገር ተማሪውን ይጠብቃል ወይ?

መጠበቅን የሚያውቅ ትምህርት ቤት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጋይንት ውስጥ ቤተ ልሔም የተባለው የዜማ ትምህርት ቤት አለ። የቤተ ልሔምን ዜማ የተማረ ሰው የትም ይማር የት፣ የድጓ፣ ማለትም የቅዱስ ያሬድ የዜማ መጽሐፍ፣ መምህር ተብሎ ወንበር ለመዘርጋት የሚያስመሰክረው እዚያ ሄዶ ነው። አቻብርና ቆማ የተባሉት የዜማ ቤቶች የየራሳቸው ስልት አላቸው፤ ዙር አምባ በዝማሬ መዋሥዕት ይታወቃል፤ ለቤተ ልሔም ድጓ ግን ምስክሩ ቤተ ልሔም ነው። ጸሐፊው ቶማስ ፓክናም እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በቤተ ልሔም ክብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አራት ማዕዘን የሆነ የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን ተሸሽጎ መቆሙን ለውጭው ዓለም ጽፏል። ለአገሬው አዲስ ነገር አልነበረም፤ ይኖርበታልና።

እኔን የሚስበኝ ከሕንፃው ይልቅ የጉባኤው አሠራር ነው። የኔታ አንድ ቁራጭ ያዜማሉ፤ ተማሪው ይቀበላል። ብዙ አይሰጡትም፤ ሊይዝ የሚችለውን ያህል ብቻ። ያንን ይዞ ይሄዳል። ጎጆው ደጃፍ ላይ፣ አኩፋዳውን አንግቶ በሚዞርበት መንደር፣ ሌሊት ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ይቀጽለዋል። ከዚያ ተመልሶ ያሰማል። ከዜማ ምልክቶቹ ርክርኩን ከዘለለ፣ ይዘቱን ካሳጠረ፣ ድፋቱን ካቃና የኔታ እዚያው ያቆሙታል፤ የበላዩን ዘለው የበታቹን አያርሙም። ያልያዘ አያልፍም። የያዘም ያልያዘውን ቆሞ አይጠብቅም፤ ሁሉም በየራሱ ደረጃ ነው። ጾመ ድጓ ትናንት የጀመረና ለምስክር የተቃረበ በአንድ ጉባኤ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይማራሉ፤ የቀደመው የተከተለውን ያስቀጽላል። ድጓውን በምልክቱ በገዛ እጁ ጽፎ እስኪጨርስ ድረስ ዓመታት ይሄዳሉ።

እንግዲህ ከዚህ የምወስደው ሦስት ነገር ነው፦ የሚሰጠው ትንሽ ነው፣ ተመልሶ ማሰማት ግዴታ ነው፣ አራሚው አጠገብ ነው። ከዚህ አልፌ ጉባኤውን እንዳለ ወደ ሳይንስ ክፍል እናስገባው አልልም። የድጓ ትምህርት ክብሩ የተቀበሉትን ሳያጎድሉ ማስተላለፍ ላይ ነው። ሳይንስ ግን የተማረውን የሚጠራጠር፣ ለክቶና ቆጥሮ «መምህር፣ ይህ እርስዎ እንዳሉት አልወጣም» የሚል ልጅ ይፈልጋል። አለንጋውም እዚያው ይቅር። ጉባኤው የወንዶች ብቻ ሆኖ መኖሩም እንዲሁ፤ ምንም እንኳ ጎጃም ላይ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን የመሰሉ፣ ዓይነ ስውር ሆነው ሳለ የቅኔ ወንበር ዘርግተው ስንቱን ባለቅኔ ያፈሩ ሴት መምህር ብናገኝም። እማሆይ ገላነሽን በኋላም እመለስባቸዋለሁ፤ ስለ መነጽር የሚናገር ሰው ዓይነ ስውሩን ተማሪ መርሳት ይቀለዋልና።

አሁን ወደ መነጽሩ። ነገሩ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው አይቫን ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1968 ከመጀመሪያዎቹ አንዱን ሠርቶ ነበር፤ ከክብደቱ የተነሣ ከጣሪያ ላይ ታስሮ ይንጠለጠል ነበር። የዛሬው ራስ ላይ ይጠለቃል። ውስጡ ሁለት ሌንስ አለ፤ ለቀኝ ዓይንና ለግራ ዓይን በጥቂቱ የተለያየ ሥዕል ያቀርባል፤ አንጎላችን ሁለቱን አዋሕዶ ጥልቀት ያለው ዓለም ያደርገዋል። ራሳችሁን ስታዞሩ መሣሪያው መዞሩን ይለካና ሥዕሉን አብሮ ያዞራል። ይህ ከ20 ሚሊ ሰከንድ በላይ ከዘገየ፣ ወይም እግራችሁ ቆሞ ሳለ ዓለሙ ሲሮጥ ካሳየ፣ ዓይን «ሄድን» ይላል፣ የውስጥ ጆሮ «ቆመናል» ይላል፤ ሆድ ይገለበጣል። በአውቶቡስ ጠመዝማዛ መንገድ የወረደ ሰው ይህን ያውቀዋል። ስለዚህ የሠሪው የመጀመሪያ ሕግ፦ ተማሪውን እሱ ሳይንቀሳቀስ አታንቀሳቅሰው። በገደል ጫፍ ላይ በአሞራ ጀርባ ማብረር ለማስታወቂያ ያምራል፤ ለክፍል ግን ትውከት ነው።

የሳይንስ ሰዎች ይህን መሣሪያ ለማስተማሪያ ከሞከሩት ሠላሳ ዓመት አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ክሪስ ዲድና ባልደረቦቹ ኒውተንወርልድ እና ማክስዌልወርልድ የተባሉ ምናባዊ ዓለሞችን ሠርተው፣ ተማሪው በኳሷ ቦታ ሆኖ ግጭትን እንዲያይ፣ በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ቆሞ የኃይሉን አቅጣጫ እንዲከታተል አደረጉ። ተስፋ ሰጪ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ጥናቶች ግን ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሰውበታል። እ.ኤ.አ. በ2019 ጊዶ ማክራንስኪና ጓደኞቹ አንድን የባዮሎጂ ቤተ ሙከራ በተራ ኮምፒውተርና በመነጽር ለየብቻ አሳዩ። መነጽር ያደረጉት «እዚያው ያለሁ መሰለኝ» አሉ፤ የተማሩት ግን ያነሰ ነበር። የአንጎላቸው ምልክትም ሸክም እንደበዛባቸው አሳየ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ጆስሊን ፓሮንግና ሪቻርድ ሜየር በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመሳሳይ ነገር አግኝተው ነበር፦ በሰው ደም ሥርና ሕዋስ ውስጥ በመነጽር የተጓዘው ቡድን ሥዕሎቹን በተራ ስላይድ ካየው ቡድን አንሶ ተገኘ፤ ደስታው ግን የመነጽሩ ቡድን ነበር።

ፓሮንግና ሜየር እዚያ ላይ አላቆሙም። ሁለተኛ ሙከራ አደረጉ። ጉዞውን በየክፍሉ አቁመው ተማሪው ያየውን በራሱ ቃል አሳጥሮ እንዲጽፍ ጠየቁት። የተማረው ጨመረ፤ ደስታውም አልቀነሰ። ይህን ሳነብ የት እንዳለሁ ታወቃችሁ? ቤተ ልሔም ነኝ። ትንሽ ስጠው፣ አቁመው፣ መልሶ ያሰማህ። መነጽር የሠራው ድርጅት ያላሰበውን፣ ያውም ከሁሉም የሚቀለውን ነገር፣ የኔታ ሲያደርጉት ኖረዋል።

ሌላም ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2012 በወንጪና በወለንጪቲ ለሚኖሩ፣ ፊደል ላልቆጠሩ ልጆች ታብሌት ያለ መምህር ተሰጥቶ ነበር። ልጆቹ በወራት ውስጥ ከፍተው፣ መተግበሪያዎቹን አገላብጠው፣ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ሳይቀር ከፈቱት ተብሎ ዓለም ተደነቀ። እኔም ተደንቄያለሁ። ታብሌት ከፕላዝማ የሚሻለው በአንድ ነገር ነው፤ ልጁን ይጠብቃል። ነገር ግን ካሜራን መክፈት በጣት ይገኛል፤ ኃይልና ፍጥነት አንድ እንዳልሆኑ በጣት አይገኝም። ለዚህ የሚያርም ሰው ያስፈልጋል።

እንግዲህ አንድ የሳይንስ ምናባዊ ክፍል ለጋይንት እንሥራ ብንል ከምን እንጀምር? ከድህነታችን። እየቀለድኩ አይደለም። ተራው መነጽር እንኳ በመቶዎች የሚቆጠር የአሜሪካ ዶላር ያወጣል። ለአንድ ክፍል አንድ ቢገኝ ትልቅ ነገር ነው። አንድ መነጽር፣ ሃምሳ ተማሪ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጎደሎ ያየዋል፤ ተራ ይያዝ፣ ሁሉም ሁለት ሁለት ደቂቃ ይይ ይላል። ያ ትምህርት ሳይሆን ትዕይንት ነው። እኔ የምለው፦ አንድ ሰው ይልበስ፤ ያ ሰው ግን የሚያየውን ለማያዩት ለሌሎቹ እንዲናገር ይገደድ። ሌሎቹ ወረቀት ይያዙ፤ እሱ የነገራቸውን ይሣሉ፣ ይቁጠሩ፣ ይጠይቁት። «ቀጥል» የሚለው ቁልፍ በመሣሪያው ውስጥ አይሁን፤ በመምህሩ እጅ ይሁን። ክፍሉ መልሱን ሰሌዳ ላይ ጽፎ መምህሩ «ይበል» እስኪል ድረስ ምናባዊው ዓለም ቆሞ ይጠብቅ። ፕላዝማው የነጠቀው ወንበር በዚህ ይመለሳል።

ጉናን እንውሰድ። ጉና በፋርጣ፣ በእስቴና በላይ ጋይንት መካከል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ርብና ጉማራ ከእሱ ተነሥተው ጣና ይገባሉ፤ በምሥራቅ በኩል የሚወርደው ውኃ ሌላ መንገድ አለው። ልጆቻችን በየቀኑ ያዩታል። ለምን ታዲያ በመነጽር እናሳያቸው? በስታንፎርድ የሚያስተምረው ጄረሚ ቤይለንሰን ጥሩ ማጣሪያ አለው፦ በእውኑ ዓለም አደገኛ የሆነውን፣ የማይቻለውን፣ ጉዳት የሚያመጣውን ወይም እጅግ ውድ የሆነውን ብቻ ወደ መነጽር አስገባ ይላል። ጉናን ማየት ይቻላል፤ ስለዚህ መነጽር አያሻውም። የጉናን መወለድ ማየት ግን አይቻልም።

የመሬት ሳይንስ ሰዎች እንደሚነግሩን፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የአገራችን ሰሜን ምዕራብ መሬት ተሰነጠቀ፤ ከስንጥቁ የወጣ ቅልጥ ዐለት እንደ ጎርፍ ፈስሶ ንጣፍ በንጣፍ ተደራረበ። አብዛኛው የወጣው በ1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ ነው። በገደሎቻችን ላይ እንደ ደረጃ የሚታየው ጥቁር ድንጋይ፣ ቤታችንን የምንሠራበት፣ ወፍጮአችንን የጠረብንበት፣ እሱ ነው። ጉና ራሱ ከዚያ በጣም ዘግይቶ፣ ከ11 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በዚያ ንጣፍ ላይ እንደ ጋሻ ተደፍቶ የተከመረ እሳተ ገሞራ ነው።

እዚህ ላይ ለምናባዊ ክፍል የሚስማማ አንድ ነገር አለ፤ እሱም ጊዜ ነው። አንድ ሰከንድ አንድ ዓመት ይሁን ብንል ትዕይንቱ ሌት ተቀን ሳያቋርጥ 347 ቀን ይፈጃል። ስለዚህ አንድ ሰከንድ አንድ ሚሊዮን ዓመት ይሁን። ተማሪዋ መነጽሩን ታጠልቃለች፤ ዛሬ የጋይንት ገደል በሚገኝበት ቦታ ቆማለች። መምህሩ «ጀምር» ይላል። በመጀመሪያው ሰከንድ ዙሪያዋ በሙሉ በእሳት ጎርፍ ተሞልቶ ንጣፉ ከራሷ በላይ ይሆናል። ከዚያ ፀጥ። አሥራ ስምንት ሰከንድ ያህል ወንዝ ሲቆርጥ፣ ገደል ሲጠልቅ ታያለች። ከዚያ በአንድ ጎን ጉና ይነሣል። ቀሪው አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። ዓለሙ ይቆማል።

አሁን ክፍሉ ይጠይቃል፦ «ሰዎችን አየሽ?» አላየችም። የአክሱምን ሐውልት? አላየችም። ጓደኞቿ «ሰነፍ ነሽ» ይሏታል። እሷም አላየሁም ትላለች፤ እውነቷን ነው። መነጽሩ በሰከንድ 72 ሥዕል ያሳያል፤ እያንዳንዷ ሥዕል 13,900 ዓመት ገደማ ትሸፍናለች ማለት ነው። የቅዱስ ያሬድ ዘመን፣ 1,500 ዓመት ቢሆን፣ ከመጨረሻዋ አንዲት ሥዕል ዘጠነኛ እጅ ገደማ ነው። የሰው ልጅ የጻፈው ታሪክ በሙሉ በዚያች አንዲት ሥዕል ውስጥ ገብቶ ቦታ ይተርፋል። ይህን ስሌት መምህሩ አይንገራቸው። መነጽር ያላደረጉት አርባ ዘጠኙ፣ «ለምን አላየችም?» ብለው ተከራክረው፣ ሰሌዳ ላይ አካፍለው ይድረሱበት። መነጽሩ የሰጠው መልስ የለም፤ የሰጠው ጠብ ነው። ጥሩ የሳይንስ ትምህርት ከጥሩ ጠብ ይጀምራል ባይ ነኝ።

በማግሥቱ ደግሞ መነጽሩ ሳጥኑ ውስጥ ይቅርና ልጆቹ ወደ ገደሉ ይውጡ። በብዙ ቦታ በሁለት ጥቁር ንጣፍ መካከል ቀይ አፈር ተጋድሞ ይገኛል። ያ አፈር ምን እያለ ነው? ከአንዱ ፍሰት እስከ ሌላው ድረስ አፈር ለመሆን የሚበቃ ጊዜ አልፏል እያለ ነው። ታዲያ ትናንት በመነጽር ያየነው የአንድ ሰከንድ ጎርፍ ያለ ማቋረጥ የፈሰሰ አስመስሎ ነበር፤ ዋሽቷል! ይህን ውሸት ልጆቹ ራሳቸው ሲያገኙት እንደማየት የሚያስደስት ነገር የለም።

ስለ ውሸት ከተነሣ ሁለተኛውን ትምህርት ልንገራችሁ፤ እሱ ስለ ድምፅ ነው። ብዙ ተማሪ፣ አንዳንድ መምህርም፣ ድምፅ ማለት ከአፍ የወጣ ነፋስ ጆሮ ድረስ ሲጓዝ ይመስለዋል። አይደለም። አየሩ ባለበት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል፤ የሚጓዘው ግፊቱ ነው፤ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል። በሰከንድ 110 ጊዜ የሚርገበገብ የወንድ ዝግ ያለ ድምፅ አንዱ ሞገዱ 3 ሜትር ገደማ ይረዝማል። የተማሪ ጎጆ ውስጥ ድጓ የሚቀጽል ልጅ፣ ከጎጆው የሚረዝም ሞገድ ከጉሮሮው እያወጣ ነው። ይህን በዓይን ማየት አይቻልም፤ ለመነጽር ተገቢ ጉዳይ ነው። ተማሪው በአየር ቅንጣቶች መካከል ይቁም፤ ከፊቱ የሚያዜም ሰው ድምፅ ይምጣ፤ አንዲት ቅንጣት በቀይ ትቀባና ከቦታዋ ሳትርቅ ስትወዛወዝ ይያት። ዜማው ከግዕዝ ወደ ዕዝል፣ ወደ አራራይ ሲለዋወጥ ምን ይለወጣል? ሞገዱ ይጠጋጋል፣ ይራራቃል፣ ይጠነክራል፣ ይላላል? ይህን ወረቀት የያዙት ይመዝግቡ።

ግን ቅንጣቷ በእውኑ ስንት ትወዛወዛለች? በተራ ንግግር ከራስ ፀጉር ውፍረት በብዙ መቶ እጥፍ ያነሰች ርቀት ነው። በመነጽሩ ውስጥ እንድትታይ ሚሊዮን ጊዜ አጋንነን ነው የምናሳያት። ይህ የግድ ነው፤ ካልተጋነነ አይታይም። ነውሩ ማጋነኑ ላይ ሳይሆን መደበቁ ላይ ነው። አቶምን እንደ ብርቱካን የሚያሳይ፣ ፀሐይና ምድርን በአንድ ክፍል ውስጥ አቀራርቦ የሚያሳይ ሁሉ ይዋሻል። ስለዚህ እያንዳንዱ ምናባዊ ክፍል መግቢያው ላይ «እዚህ ውስጥ ያጋነንነው ይህን፣ ያቀረብነው ይህን፣ ቀለም የቀባነው ይህን ነው» ብሎ በግልጽ አማርኛ ይናገር ዘንድ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ከዚህ በላይ የምጠይቀው ነገር ያለ አይመስለኝም፤ አለማወቅን በጥሩ ሥዕል ከማስጌጥ የከፋ ነገር አላውቅምና።

እማሆይ ገላነሽን ያነሣሁት ለዚህ ነው። የድምፁ ትምህርት ለዓይነ ስውር ተማሪም ይሆናል። መነጽሩ ድምፅን በአቅጣጫና በርቀት ያሰማል፤ ዓይነ ስውሩ ልጅ ሞገዱ ከየት መጥቶ የት እንደተመለሰ ከሁላችን በተሻለ ሊናገር ይችላል። በዚያ ክፍል ውስጥ «ለባሹ» እሱ ይሁን፣ ወይም እሷ ትሁን።

ሁሉም ነገር ደግሞ መነጽር አይፈልግም። የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን እ.ኤ.አ. በ2002 ያስጀመረው ፌት የተባለው የነፃ ማሳያ ስብስብ በተራ ኮምፒውተር፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የኤሌክትሪክ ዑደትን፣ የፔንዱለምን ነገር እዚያ ላይ ማየት ይበቃል። ጠፍጣፋው ስክሪን የሚያደርገውን ለማድረግ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር የሚያወጣ ሰው ገንዘብ የተረፈው ነው።

አሁን የማይወደድ ነገር ልናገር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በአማራ ክልላችን ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በተነሣው ግጭት ምክንያት ደጃቸው የተዘጋ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። መነጽር ይህን ይፈታዋል የሚላችሁ ሰው ካለ ሊሸጥላችሁ የመጣ ነው። መምህር በሌለበት፣ ጠረጴዛ በሌለበት መነጽር ጌጥ ነው። እኔ የምናገረው በሩ ለተከፈተ፣ መምህሩ ለቆመበት ክፍል ነው።

ለዚያ ክፍል ከሶፍትዌሩ የሚቀድም አንድ ጉዳይ አለ፤ ዓይን። የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ ከጸናባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ደቡብ ጎንደርም በብርቱ ከተጎዱት ዞኖች መካከል ነው። ትራኮማ ከዓይን በሚወጣ ፈሳሽ፣ በጣት፣ በጨርቅ፣ በዝንብ ይተላለፋል። መነጽሩ ደግሞ ፊት ላይ የሚለጠፍ ስፖንጅ አለው። ያንን ስፖንጅ ሃምሳ ልጆች ሲቀባበሉት አስቡት። በሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ ስለዚህ አንድ መስመር ይጽፍና ያልፋል፤ እዚህ ግን የመጀመሪያው ገጽ መሆን አለበት። ስፖንጁ ወጥቶ በሚታጠብና በአልኮል በሚወለወል ጎማ ይተካ፤ በቀን ከጥቂት ልጆች በላይ አይልበሱት፤ ዓይኑን ያመመው ልጅ ያን ቀን ከጸሐፊዎቹ ጋር ይቀመጥ። አንድ ለባሽ፣ ብዙ ጸሐፊ ያልኳችሁ ለትምህርቱ ብቻ አልነበረም።

የቀረው ቀላል ነው። ባትሪው ሁለት ሰዓት ገደማ ይሠራል፤ በፀሐይ ኃይል ይሞላ። ትምህርቱ ቀድሞ ይጫን፤ ኢንተርኔት የሚጠብቅ ነገር እንዳይኖርበት። በሁለተኛ ደረጃ ሳይንስ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ስያሜዎቹ በሁለቱም ቋንቋ ይሁኑ፤ የሚናገረው ድምፅ ግን የጋይንት መምህር ድምፅ ይሁን። ነጠላና ጥምጣም የሚያደርጉ አሉና የራስ ማሰሪያው ልቅ ይሁን። አምራቾቹም ለትናንሽ ልጆች ስለማይፈቅዱት ከሁለተኛ ደረጃ በታች አይውረድ።

መሣሪያው እስኪመጣ ድረስ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። የጉናን ትምህርት ነገ ጠዋት ያለ አንዳች መነጽር መሞከር ይቻላል። አንዲት ተማሪ በነጠላዋ ዓይኗን ትሸፍን፤ አንድ መምህር ከተዘጋጀ ወረቀት ላይ የምታየውን በጆሮዋ ያንሾካሹክላት፤ እሷ ለክፍሉ ትናገር፤ ክፍሉ ይሣል፣ ያካፍል፣ ይሟገት፤ መምህሩ እስኪል ድረስ ማንም ወደ ቀጣዩ አይለፍ። በዚህ መንገድ ያልሠራ ትምህርት በመነጽርም አይሠራም። የሠራውን ጻፉልኝ፤ የትኛው ጥያቄ ላይ ክፍሉ እንደተጣላ፣ የትኛው ላይ ዝም እንዳለ። ለሶፍትዌር ሠሪዎቹ የምንሰጣቸው ወረቀት እሱ ነው፤ ያን ሳንይዝ ወደ እነሱ የሄድን እንደሆነ አሞራ ሠርተው ይልኩልናል።

አሁን ጥያቄ ያላችሁ። ከወጣቶቹ እንጀምር።